ላስቲክ ሥር ያበበ ጎመን

አባቴ የተማርኩትን ነገር አንድ ቀን እንኳ በቁም ነገር ወስዶልኝ አያውቅም። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ስለ ምን እንደማጠና ጠየቀኝና አበባ ውስጥ ስላለ ቅባት ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ኑግ ነው ሱፍ አለኝ። ኑግም ሱፍም አይደለም፣ ተጨምቆ የሚወጣ ዘይት አይደለም፣ በዓይን እንኳ አይታይም ስለው ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ በኋላ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ልጄ የማይታይ ዘይት ትነግዳለች» እያለ ሲያሾፍብኝ ኖረ። እኔም ቱግ ባይ ነኝ፤ በዚሁ ነገር አኩርፌ ምሳ ሳልበላ ወደ ከተማ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ስለዚህ በታኅሣሥ ደውሎ «እስቲ ያንን የማይታይ ዘይትሽን ይዘሽ ነይ» ሲለኝ የለመደው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። የእናትሽ ጎመን አብቦ አብቦ አንድ ፍሬ አልቋጠረም፣ አበባው እየረገፈ ነው አለኝ። ደንግጬ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

የእናቴ ጎመን የሚባለው ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጡ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው የሐበሻ ጎመን ነው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የሰፈራ መንደር ነው፤ ወሎን የማውቀው በወሬ ነው። ከዚያ ቤት ተርፎ በሕይወት ያለ ነገር ቢኖር ያ ጎመን ብቻ ነበር። ግንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ቅጠሉ ሲበላ መጀመሪያ ይጣፍጥና መጨረሻ ላይ፣ ምላስ ሥር፣ ትንሽ ይመራል። የአሶሳ ገበያ ጎመን ሞልቶታል፤ እናቴ ግን የሌላ ሰው ጎመን ጎመን አይመስላትም ነበር። በየዓመቱ የሚያማምሩትን እግሮች ቅጠላቸውን ሳትቀነጥስ ለዘር ትተዋቸዋለች። ዘሩን ቅል ውስጥ ታደርግና ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ በሚያገኘው ቦታ ትሰቅለዋለች። እንጀራዋን ለማንም ትሰጣለች፣ ቅጠሉንም ትሰጣለች፤ ዘሩን ግን ለሰው አትሰጥም። በዚህ ነገር ስስታም ነበረች፤ ጎረቤቶቻችን ወርቅ ነው ወይ የቀበርሽው እያሉ ይስቁባት ነበር።

እናቴ ከዚያ ስልክ በፊት በነበረው ክረምት መግቢያ ላይ ሞተች። አባቴ ሻዩን መኝታ ክፍሉ ውስጥ በከሰል ማፍላት ጀመረ፤ ምግቡን እኔ ከከተማ አመጣለታለሁ፣ የቀረውን ጎረቤት ይሞላል። የእናቴ ማድ ቤት ክረምቱን ሙሉ እሳት ሳይነድበት ከረመ። ቅሉ እዚያው እንደተሰቀለ ነበር፤ ያለ ጭስ እርጥበቱ ገብቶበት ዘሩ ሻግቶ ተጋግሯል። አባቴ መስከረም ላይ ሲገለብጠው ጥቁር ጓል ሆኖ ወደቀ። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ በጥፍሩ እየፈለፈለ ደህና ደህናውን ሲለቅም ዋለ፤ ያገኘው እፍኝ አይሞላም። ያንኑ ጠቅላላ ዘራው። ምነው ትንሽ እንኳ ብታስቀር ብዬ ስቆጣው፣ አስቀምጬ ደግሞ ላሻግተው ወይ አለኝ።

እንግዲህ በዚያ እፍኝ የማይሞላ ዘር ላይ ነበር ነገሩ ሁሉ የቆመው። ፍሬ ካልያዘ የእናቴ ጎመን አለቀ ማለት ነው።

ስደርስ ገና ማለዳ ነበር። ጓሮ ስገባ ጎመኑ የለም፤ በቀርከሃ የቆመ ነጭ የላስቲክ ድንኳን ነው ያለው። በመተከል በኩል ያ ሁሉ ችግር በደረሰ ጊዜ ለተፈናቃይ መጠለያ የሆነው ዓይነት ወፍራም ላስቲክ ነው፤ ከድባጤ የመጣ አንድ ሰው ሲሸጥ አባቴ አይቶ ገዝቶት፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ነው። አባቴ ዘሩ ገና ብቅ ሲል ከፍየልና ከዶሮ ሊከልለው ሸፈነው፤ የጥቅምት ዝናብ እንዳይደበድበው አጠበቀው፤ ከዚያ የኅዳር ሌሊት ቀዘቀዘና ብርድ እንዳይመታው ብሎ ዙሪያውን በድንጋይ አስረግጦ ተወው። ውሃ ሊያጠጣ ብቻ በአንድ በኩል ገለጥ አድርጎ እየገባ መልሶ ይዘጋዋል። እናቴ ታማ ሳለች በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ ይላት ነበር፤ እሱ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ሲደርብላት ነው የከረመው። ላስቲኩን ሳይ ያ ብርድ ልብስ ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የንብ መታጣትን ነው። እዚያ ውስጥ ንብ አይገባም። ጎመን ያለ ንብም ራሱን በራሱ ማዳቀል አያቅተውም፤ ቢሆንም እስቲ ልሞክር ብዬ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ከአንዱ አበባ ዱቄቱን ነካ፣ ሌላኛው ላይ ቀባ እያደረግሁ አዳረስኩት። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና ይኸ ነው እንግዲህ ዲግሪው አለ። በሌላው ሳምንት ስመለስ የነካካኋቸው አበቦች ሁሉ ረግፈዋል፤ ከሥራቸው ያለችው፣ ፍሬ ልትሆን የነበረችው ቀጭን እንጨት እንደ መርፌ ደርቃ ቀርታለች።

ያን ቀን ባጃጅ አጥቼ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነበር። እምቡጥ ልለቅም ላስቲኩ ሥር ገባሁ። አቤት፣ ያ ሙቀት! ትንፋሽ ያሳጥራል። ፊቴ ላይ ላቡ ወዲያው ነው የወረደው። እምቡጦቹን እየለቀምኩ ጥፋቱ የሙቀቱ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ግን በማይክሮስኮፕ ሳላይ መናገር አልፈለግሁም። ናሙናን ብዙ ሰው አልኮል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቅባት ለሚፈልግ ሰው ግን አልኮል ያለውን ሁሉ አሟሙቶ ይወስድበታል። ስለዚህ እምቡጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ከተማ በረርኩ።

እዚህ ላይ የምነግድበትን ነገር ልናገር። የጎመን እምቡጥ ሳይከፈት ቢሰነጠቅ ውስጡ ስድስት ትናንሽ ከረጢቶች ይገኛሉ፤ የአበባው ዱቄት የሚሠራው እዚያ ነው። ከረጢቱን ከውስጥ የሚያለብስ አንድ ረድፍ ሕዋስ አለ። የእኔ ትምህርት ሁሉ ስለዚህ አንድ ረድፍ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ዱቄቱን ይቀልባሉ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ቅባት ያጠራቅማሉ። ማጠራቀሚያቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅጠልን አረንጓዴ ከሚያደርገው አካል ጋር ዘመድ ነው፤ እዚህ ግን አረንጓዴነቱን ትቶ በቅባት ይሞላል። ሌላኛው ውስጥ ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎች በስስ ሽፋን እየተጠቀለሉ ይከማቻሉ። ቀኑ ሲደርስ ሕዋሱ ይፈርሳል፤ በቃ ይሞታል። ያጠራቀመው ይፈስና ዱቄቱን ያለብሰዋል፣ ልጅ ታጥቦ ቅቤ እንደሚቀባ። ያልተቀባ ዱቄት ይደርቃል፣ ይሟሽሻል፤ የአበባዋ ሴቴ ክፍል ጫፍ ላይ ቢያርፍ እንኳ ውሃ ስቦ መብቀል አይችልም።

ዋናው ነገር ግን ጊዜው ነው። ሕዋሳቱ ቀድመው ከሞቱ የሚሰጡት ቅባት የላቸውም፤ ዘግይተው ከሞቱ አበባው ዱቄቱ ሳይቀባ ይከፈታል። ይህን ጊዜ ከሚያዛቡት ነገሮች ዋነኛው ሙቀት ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር አንዷ ተማሪ እንደ እናት ናቸው ማለት ነው ብላኝ ታውቃለች። ሕዋስ ሕዋስ ነው፣ አታስለቅሺን ብዬ አስቀመጥኳት።

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ስደርስ መብራት የለም። ደግነቱ ብርሃን በመስታወት የሚሰበስብ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አለን፤ መስኮቱ ጋ አስጠግቼ በፀሐይ ብርሃን አየሁ። እምቡጡን በምላጭ ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ ቅባት ብቻ የሚይዘውን ቀይ ቀለም አጠጣሁት። ቀይ ነጠብጣብ የሞላበት ረድፍ ማየት ነበረብኝ። ያየሁት ግን ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ የሞተ ባዶ ገለባ ነው። ዱቄቱም ጎድጉዶ፣ ተጨማዶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሌላ እምቡጥ ቆረጥኩ፤ ያው ነው። ሕዋሳቱ ገና ቅባቱን መሥራት ሳይጀምሩ ሙቀቱ ገድሏቸዋል። ሴቴዋ ክፍል ደህና ነበረች፣ ግን ብቻዋን ምን ታደርጋለች። ደግሞ የሌላ ጎመን ዱቄት አምጥቼ ባዳቅላት የሚወጣው የእናቴ ጎመን አይደለም፤ አባቴ ያን አይቀበለኝም፣ እኔም ልቤ አልወደደውም።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። ጎመን ከላይ ከላይ ማበቡን አያቆምም፤ ጫፉ ላይ ገና ያልጎመሩ ጥቃቅን እምቡጦች ነበሩ። ላስቲኩ አሁኑኑ ከተነሣ እነሱ ይተርፋሉ። ለዚህ ደግሞ ለአባቴ እውነቱን መንገር የግድ ነው። ባጃጁ ውስጥ ቃላት ስመርጥ ሄድኩ፤ ለወትሮው ቃል የምመርጥ ሰው አይደለሁም።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

«ምን ገደለው?» አለኝ።

«ሙቀት ነው አባዬ።»

«የአሶሳ ሙቀት?»

አዎ ብል ምን ነበረበት? አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«አይደለም። የላስቲኩ ነው» አልኩት።

እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ አለኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ትምህርቴ ሳይስቅ ጠየቀኝ። ስለዚያ ረድፍ ነገርኩት፤ እንደሚቀልቡ፣ ቅባት እንደሚያከማቹ፣ ኋላ ሞተው እንደሚሰጡ፣ እነዚህ ግን ሳይደርሱ እንደሞቱ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ በመዳፉ ጉልበቱን እያሸ፣ «እኔ እኮ እንዳይበርደው ብዬ ነው» አለ።

አባዬ ምን አጠፋህ፣ ማን ያውቃል ይኼን አልኩት። ተነሥቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሣ ላስቲኩን ብቻውን ገፈፈው፤ ላግዘው ብጠጋ በእጁ መለሰኝ። ሲጨርስ እንደ ብርድ ልብስ አጣጥፎ በሩ ጀርባ አስቀመጠው። ወጥቼ የማድ ቤቱ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በርጩማውን ጎመኑ አጠገብ ተክሎ ፍየል ሲያባርር፣ ዶሮ ሲያባርር ይውላል። ጠዋት ጠዋት ያጠጣል። ጎረቤታችን የሆነችው የበርታ ሴት አንድ ቀን ለእኔ፣ አባትህ አሁን ጎመን አገባ ብላ ሳቀችብን። እሷ በአማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ እያለች ነው ያሳደገችኝ። እናቴን አጥባ የገነዘች እሷ ናት።

ጥር ሲጋመስ አዲሶቹ እምቡጦች ወፈር አሉ። ለቅሜ ወሰድኩ፣ ቆረጥኩ፣ ቀለሙን አጠጣሁ። እሰይ! ረድፉ ሙሉ ነው፤ ሕዋሱ ሁሉ በቀይ ነጠብጣብ ተወጥሯል። ለመከፈት የደረሰችው እምቡጥ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ፈርሶ ቅባቱ ዱቄቱ ላይ ፈስሷል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ክብ፣ ሙሉ፣ የተቀባች። ብቻዬን ሳቅሁ። ቁራጩን መስታወት ላይ በግሊሰሪን አስቀምጬ ጠርዙን በጥፍር ቀለም አሸግሁትና ለአባቴ ወሰድኩለት። ወደ ፀሐይ አንጋጦ ያዘው፤ በባዶ ዓይን የሚታየው ከመርፌ ራስ የማትበልጥ ቀይ ነጥብ ብቻ ነው። ይህቺ ናት ወይ አለኝ። ይህቺ ናት አልኩት። ረጅም ጊዜ አየና «እንግዲህ ታየች» ብሎ መለሰልኝ። ከመሄዴ በፊት ጫፉ ላይ የያዙትን ቀጫጭን ፍሬዎች አሳየኝ፤ ለማሳየት እንኳ በእጁ አይነካቸውም፣ በአገጩ ነው የሚያመለክተኝ።

የካቲት ላይ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተደወለልኝ። ወባ ነው ያለ አለ፣ ልብ ነው ያለ አለ። አባቴን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት። እስክደርስ አጥበው ከፍነው ነበር፤ ፊቱን ገልጠው አሳዩኝ፣ ወዲያው ወሰዱት።

ከቀብር በኋላ ቤቱ ሰው ሞላው። የእድሩ ድንኳን አልበቃም፤ ወንዶቹ በሩ ጀርባ የተጣጠፈ ላስቲክ አግኝተው ጓሮ በኩል ተጨማሪ ዳስ ጥለዋል። እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ማን ገባ ማን ወጣ አላውቅም። ምግብ ቀረበ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበርና ጎረቤታችን አጠገቤ ተቀምጣ በግድ አጎረሰችኝ። ጎመን ነው። አኘክሁት። ጣፈጠኝና መጨረሻ ላይ፣ ምላሴ ሥር፣ ትንሽ መረረኝ።

«ይህ ጎመን ከየት ነው?» አልኳት።

«ከጓሮ ነው። ወንዶች ዳስ ሊተክሉ ነቀሉ። እንግዳ ብዙ፣ ወጥ ትንሽ። ቅጠል ይጣላል? ሐራም ነው። አባት ተክሏል፣ የአባት እንግዳ ይበላል። ብላ» አለችኝ።

ምን ልላት? በቅንነት ነው ያደረገችው። ሰው በሞተበት ቤት ምድጃው እንዳይቀዘቅዝ ስትሮጥ ነው የዋለችው። ወንዶቹም ቢሆኑ ለሐዘንተኛ ጥላ ፈለጉ እንጂ ምን አጠፉ? ጉርሻውን ዋጥኩት፤ ከዚያ ድምፄን ለቅቄ ጮህኩ። ሴቶቹ ሁሉ ከእኔ ጋር አለቀሱ፣ አብሽሪ፣ የአላህ ሥራ ነው፣ ደግ አባት ነበር እያሉ። ለአባቴ ያለቀስኩት ሲወስዱት ነበር። ይህኛው ለጎመኑ ነበር፤ ያን የጠረጠረ አልነበረም፣ ለማን ይነገራል።

ሰው ሲቀንስ ወጣሁ። ላስቲኩ የጎመኑ መደብ ላይ፣ ልክ በድሮው ቦታው ተወጥሯል፤ ሥሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ግንዶቹን አጥር ጥግ ጥለዋቸው ፍየሎች ሲቀረጥፏቸው ደረስኩ። የተረፉትን ፍሬዎች ለቅሜ አንዷን በጥፍሬ ሰነጠቅኋት። ዘሮቹ ተደርድረዋል፤ ግን ገና ውሃ ናቸው፣ ስጫናቸው ፈሰሱ። አንድ ወር ቢያገኙ ይደርሱ ነበር። እንደማይበቅሉ እያወቅሁ ጥላ ውስጥ አደረቅኋቸው፤ እንደማይበቅሉ እያወቅሁ ክረምቱ ሲገባ ዘራኋቸው። አልበቀሉም።

ያ ያሸግሁት መስታወት አሁን ቤተ ሙከራው ውስጥ ነው። ያን ረድፍ በማስተምርበት ቀን ለተማሪዎቼ አስቀምጠዋለሁ፤ እየተሰለፉ ያያሉ፣ ቅባቱን ይሥላሉ፣ የቱ ጎመን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከአባቴም ከእናቴም በእጄ የቀረው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳየው ጠርዙ አየር አስገብቷል፤ ቀዩ እየደበዘዘ ነው።